ምጣዱ ይጠገን ወይስ ይቀየር? የአንድ የቤት ዕቃ ረጅም ታሪክ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላልና ጊዜ ስታገኙ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

እዚህ ደባርቅ መምህራን በተሰበሰብንበት ሁሉ ከደመወዝ ወሬ ቀጥሎ የማይጠፋው የኤሌክትሪክ ምጣድ ወሬ ነው። የአንዱ ሽቦው ተቃጥሏል፣ የሌላው ሸክላው ተሰንጥቋል፣ የሦስተኛው ደግሞ «ይሞቃል ግን አያበስልም»። ጥያቄው ያው ነው፤ ይጠገን ወይስ አዲስ ይገዛ? ለመምህር ኪስ ቀላል ጥያቄ አይደለም። አዲስ ምጣድ ገዝቶ የወሩን አስቤዛ የሚያጎድል አለ፣ አሮጌውን አሥር ጊዜ ሲያስጠግን የአዲሱን ዋጋ የሚጨርስም አለ።

ብዙ ሰው ይህን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥያቄ አድርጎ ነው የሚያየው። እኔ ግን ታሪክ አስተማሪ ነኝና «የታሪክ ጥያቄም ነው» ባይ ነኝ። ምጣድ ከሺህ ዓመት በላይ አብሮን የኖረ ዕቃ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ምኑ እንደተቀየረና ምኑ እንዳልተቀየረ ካወቅን፣ ዛሬ ጓዳችን ውስጥ የተበላሸው ዕቃ የቱ ጋ እንደሚጠገን፣ የቱ ጋ እንደሚጣል መለየት ይቀለናል። (በነገራችን ላይ ዓ.ም. ያልኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፣ እ.ኤ.አ. ያልኩት በፈረንጆቹ።)

ምጣድ እና ፉርኖ

ፈረንጅ «የቤት መጋገሪያ» ሲል በር ያለው፣ ዙሪያውን የተዘጋ ሣጥን ነው የሚታየው። እኛ ያን ዓይነቱን ፉርኖ እንላለን፤ ቃሉም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ፉርኖ ዳቦ ቤት ነው የምናውቀው። በየቤታችን ያለው መጋገሪያ ምጣድ ነው፤ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ከሸክላ የተሠራ፣ ከሥር እሳት ከላይ አክንባሎ።

ይህ ልዩነት እንዲሁ የመጣ አይደለም። ዳያን ላየንስ እና ካትሪን ዳንድሪያ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ ምጣድና የዳቦ ምድጃ ለምን ጎን ለጎን እንደኖሩ መርምረዋል። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ስንዴ ሊጡን የሚያያይዝ ነገር በውስጡ አለው፣ ስለዚህ ተነፍቶ በተዘጋ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል። ጤፍ፣ ዳጉሳና ማሽላ ግን ያ የላቸውም። እነሱን ቀጭን አድርጎ በጋለ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ማፍሰስ ነው የሚያዋጣው። ስለዚህ ምጣድ ከእህላችን ጋር የተጋባ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል። የምጣድ ስባሪም በአክሱም ዘመን ሰፈሮች በተደረጉ ቁፋሮዎች ተገኝቷል።

እኛ ያለንበት ደጋ የገብስና የስንዴ አገር ነው፤ ጤፉ ከቆላው ከነአዲ አርቃይ፣ ከነዛሪማ ወጥቶ ነው ደባርቅ ገበያ የሚደርሰው። ቢሆንም ገብሱንም እንጀራ አድርገን ነው የምንበላው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለዚህ ነው ባቄላ በእኛ አገር ቶሎ አልበስል የሚለው። ምጣድ ግን የውኃ ጥገኛ አይደለም። ሸክላው ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ ሊጡ እንደፈሰሰ ዓይን ያወጣል። ሙቀቱ በቂ ካልሆነ ወይም ከአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ዓይን የለም፣ እንጀራው ይለጥፋል። እናቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር በማሰሻ ጨርቅና በሊጡ ድምፅ ነበር የሚለኩት፣ አሁንም ይለካሉ።

የምጣድ ክብር በተረታችንም አለ። «ስለ ምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ይላል አበው። አይጥ ምጣድ ላይ ብትወጣ እንኳ በዱላ አይመታም፤ ምጣድ ከተሰበረ ቤቱ ይራባልና።

ምጣዱን የሠሩት እጆች

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማናወራውን ነገር ላንሳ። በሰሜን፣ በወገራ፣ በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ ምጣድ፣ ጀበናና እንስራ ከሚሠሩት ዋነኞቹ የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ። ባሎቻቸው ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጡ አንጥረኞች፣ ሸማኔዎችና ግንበኞች ነበሩ።

እንዴት ወደዚህ ሙያ ገቡ? በትውፊት እንደሚነገረው አፄ ይስሐቅ (1414–1429 እ.ኤ.አ.) ያልተጠመቀ ርስት አይኑረው ብለው አወጁ። የሰሜን ተራራ የቤተ እስራኤል ምሽግ ሆኖ ቆየ። በአፄ ሠርፀ ድንግልና በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተደረጉት ዘመቻዎች ያንን አቅም ሰበሩት፤ ከአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኋላ ራሱን የቻለ ኃይል አልነበራቸውም። መሬት የተነጠቀ ሰው በእጁ ሙያ ነው የሚኖረው። ጎንደር ከተማ ሆና ቤተ መንግሥት ሲገነባም ከግንበኞቹና ከአንጥረኞቹ መካከል እነሱ ነበሩ።

ሕዝቡ ግን ምጣዳቸውን እየገዛ ሰዎቹን «ቡዳ» ይል ነበር። በሠሩት ምጣድ የተጋገረ እንጀራ ይበላል፣ ከሠሪዋ ጋር ግን አብሮ አይበላም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ ችግሩ አዋጅ እስኪያስፈልገው ድረስ ከባድ ነበር ማለት ነው። አዋጁም ስድቡን ከሰው አፍ አላጠፋውም። በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ። በግንቦቱ ዘመቻ ብቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ነው የተጓጓዘው። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ ዛሬም በሸክላ ትታወቃለች፤ ሙያውን የያዙት ግን ባብዛኛው ሌሎች ናቸው።

ይህን የማነሳው ቁስል ለመነካካት አይደለም። የምጣድ ጥገና ጥያቄ መጀመሪያውኑ የሰው ጥያቄ ስለሆነ ነው። ዕቃ የሚጠገነው ጠጋኙ በአካባቢው ካለና ተከብሮ መኖር ከቻለ ብቻ ነው።

ድሮ ሲሰነጠቅ ምን ይደረግ ነበር?

አዲስ የሸክላ ምጣድ ከገበያ እንደመጣ አይጋገርበትም። ይሟሻል። የተወቀጠ ጎመን ዘር ወይም ሌላ የቅባት እህል በጋለው ምጣድ ላይ ደጋግሞ እያሹ ቀዳዳውን መድፈን ነው። በመጨረሻ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ይሆናል። ማሟሸት እንግዲህ የመጀመሪያው ጥገና ነው፤ ዕቃው ገና ሳይበላሽ የሚደረግ ጥገና።

ከዚያ በኋላ ምጣዱ ይሰነጠቃል። መሰንጠቁ አይቀርም፤ ሸክላ በአንድ ጎን ግሎ በሌላው ሲቀዘቅዝ ውጥረቱን አይችልም። ታዲያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ስትታይ የሚጥለው ሰው አልነበረም። እንደገና ይሟሻል፣ ጉልቻው ላይ ሲጣድ ሚዛኑ ይስተካከላል፣ ስንጥቁ ብዙ እሳት ከሚበላው አቅጣጫ ዞር ይደረጋል። ስንጥቁ ሲበረታ ምጣዱ ከእንጀራ ጡረታ ወጥቶ ቆሎ መቁያ፣ አሻሮ ማመሻ ይሆናል። ሁለት ቦታ ሲከፈል ደግሞ ገሉ ከጎረቤት እሳት መጫሪያ ነው። ሸክላ ሠሪዎችም ገልን ፈጭተው ከአዲሱ ጭቃ ጋር የመቀላቀል ልማድ በአገራችን በብዙ ቦታ አላቸው፤ አዲሱ ምጣድ በእሳት እንዳይፈነዳ ይረዳዋል። አሮጌው ምጣድ በአዲሱ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ «ይጠገን ወይስ ይጣል» የሚለው የሁለት ምርጫ ጥያቄ እዚህ የለም። ጥያቄው «አሁን ለምን ሥራ ይሆናል?» ነው።

ምጣዱ ባለበት፣ እሳቱ ተቀየረ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ለፖለቲካ እንጠቀምበታለን። ስለ ማገዶ ካየነው ግን ተረቱ ተሳስቷል። ጉልቻ መለወጥ ወጥ ባያጣፍጥም ደን ያተርፋል።

በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ አብዛኛውን እሳት ለነፋስ ነው የሚሰጠው። ነበልባሉ በጎን ይወጣል፣ ጭሱ ዓይን ያፈሳል፣ ሙቀቱ ጀርባን እንጂ ሊጡን አይደርሰውም። በአገራችን ቤቶች ለምግብ ከሚነደው ኃይል ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም እንጀራ መጋገር ነው። ለእኛ ደግሞ ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ጓሯችን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተመሠረተ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆየ። ግጦሽ፣ እርሻና ሰፈራ ዋነኞቹ ምክንያቶች ቢሆኑም የአስታው ጫካ ለማገዶ መቆረጡን የማያውቅ የአካባቢያችን ሰው የለም። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ሲዛወሩ ከአስታ ማገዶ ወደ ከተማ ኑሮ ነው የመጡት። እነሱም ምጣዱን አልተዉም። የተቀየረባቸው እሳቱ ነው።

መንግሥት ይህን ቀደም ብሎ አይቶታል። በ1980ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር ባለሙያዎች «ምርጥ» የተባለውን የእንጀራ ምድጃ አወጡ። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ የሚሠራ፣ ተገጣጣሚ የሆነና እሳቱን ዙሪያውን የሚያቅፍ ምድጃ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የምርጥ ምድጃ ብልሃቱ ምን ነበር? ምጣዱን አልነካም። እናቶች የለመዱት፣ ያሟሹት፣ እጃቸው የሚያውቀው ያው ሸክላ ከላይ ይቀመጣል። የተቀየረው ከሥር ያለው ነው። ሰው የለመደውን ዕቃ ሳይነጥቁ የጎዳውን ነገር ብቻ መቀየር ማለት ይህ ነው።

ሽቦ ወደ ሸክላው ሲገባ

ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፣ ጢስ ዓባይ አንደኛ በ1956 ዓ.ም. ተከተለ። ኃይል ወደ ከተማ ቤቶች መድረስ ሲጀምር ፈረንጅ ምድጃ ያስመጣ ሀብታም ነበረ። ፈረንጅ ምድጃ ግን እንጀራ አይጋግርም። ክቡ ጠባብ ነው፣ ብረቱ ሊጥ ይይዛል። እናም የእኛ ባለሙያዎች ሌላ መንገድ ያዙ። ሸክላውን ምጣድ ገልብጠው ከሥሩ እንደ ቀንድ አውጣ የሚዞር ቦይ አወጡለት፣ በቦዩ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ ዘረጉ፣ ከሥር ሙቀት እንዳያመልጥ ጀሶ ሞሉ፣ ሁሉንም በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የሆነው የኤሌክትሪክ ምጣድ ይኸው ነው።

ሽቦው የራሱ ታሪክ አለው። አልበርት ማርሽ የሚባል አሜሪካዊ በ1906 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘበት የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው፤ ናይክሮም ይባላል፣ እኛ ሬዚስታንስ ነው የምንለው። ተራ ሽቦ ፍም እስኪመስል ቢግል ኦክስጅን በልቶት ይረግፋል። ናይክሮም ግን ላዩ ላይ ስስ መከላከያ ስለሚፈጥር ለዓመታት ይግላል። የዓለም ካውያ፣ የዳቦ መጥበሻና ምድጃ ሁሉ በዚህ ሽቦ ላይ ነው የቆመው።

እንግዲህ አስተውሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሦስት ሙያ ልጅ ነው፤ የሸክላ ሠሪዋ፣ የብረት ሠሪውና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው። አንድ ትልቅ ፋብሪካ አሽጎ አልላከውም። ሦስቱም ክፍል በየራሱ ይወልቃል፣ በየራሱ ይገዛል። ለዚህ ነው የሚጠገነው። ውበቱ ባይማርክም ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

ሀብትነቱ የሚገባን ሌላውን ዓለም ስናይ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ታላላቅ የአምፖል ፋብሪካዎች ጄኔቫ ላይ ፌቡስ የሚባል ኅብረት መሥርተው የአምፖልን ዕድሜ 1,000 ሰዓት ላይ ለመወሰን ተስማሙ፤ ከዚያ በላይ የሚቆይ አምፖል የሠራ ይቀጣ ነበር። ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ ቶሎ ይሸጣላ! ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2024 እ.ኤ.አ.፣ የአውሮፓ ኅብረት ሰዎች ዕቃቸውን የማስጠገን መብት እንዲኖራቸው ሕግ አወጣ። እነሱ በሕግ ሊመልሱት የሚታገሉትን ነገር እኛ ጓዳ ውስጥ አስቀምጠነው በስንፍና እንዳንጥለው ነው ፍርሃቴ።

የቱ ነው የታመመው?

አሁን ወደ ዛሬው ምጣድ እንምጣ። እኛ ቤት አንድ ሰሞን ምጣዱ «ደከመ»። የጠራነው ጠጋኝ ከፈተ፣ አየ፣ «ሽቦው አርጅቷል፣ አዲስ ምጣድ ብትገዙ ይሻላል» ብሎን ሄደ። ባለቤቴ ግን አላመነችም። «ምጣዱ ቢታመም ኖሮ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓትም ይታመም ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ማለዳ ስትጋግር ዓይኑ ያማረ እንጀራ ይወጣል፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ በሚጋግርበት ሰዓት፣ ያው ሊጥ ይለጥፋል። የደከመው ምጣዱ ሳይሆን መስመሩ ነበር።

ይህን በቁጥር ለተማሪዎቼ አሳይቻቸዋለሁ። የተለመደው ምጣድ በ220 ቮልት 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። ቮልቴጁ ወደ 180 ሲወርድ ኃይሉ በዚያው ልክ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፤ ወደ 2,340 ዋት ይወርዳል። ሲሶው ሄደ። በዚህ ኃይል ሸክላው ይሞቃል እንጂ እንጀራ የሚፈልገው ሙቀት ላይ ቶሎ አይደርስም። እንዲህ ባለ ሰዓት አዲስ ምጣድ ብትገዙም አዲሱም ይደክማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር፤ ከመጠገናችሁም ከመግዛታችሁም በፊት በሌላ ሰዓት ሞክሩት።

መስመሩ ደህና ሆኖ ምጣዱ ካልሠራ ክፍል በክፍል ማየት ነው።

አንደኛ፣ ስፒናው፣ ሶኬቱና ገመዱ። 16 አምፔር ቀላል አይደለም። የላላ ስፒና ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያ ምጣዱ «ሞተ» ይባላል። ይህ ሁሌም የሚጠገን ነው፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ላይ ምጣድ መሰካት ግን ቤት ማቃጠል ነው።

ሁለተኛ፣ ሽቦው። ከተበጠሰ መላው ይቀየር። ብዙ ጠጋኞች የተቃጠለውን ቆርጠው ቀሪውን ጎትተው ያገናኙታል። አንዴ ይሠራል። ግን ሽቦው አንድ አሥረኛ ቢያጥር መቋቋሙ በአንድ አሥረኛ ይቀንሳል፣ የሚስበው ከ16 ወደ 18 አምፔር ይጠጋል። ያጠረው ሽቦ ይበልጥ ይግላል፣ ቶሎ ይበጠሳል፣ እንደገና ይቆረጣል። በየወሩ «ያስጠገነ» ሰው የሚከስረው በዚህ ነው። ይሄ ጥገና አይባልም፣ ቀን መግዛት ነው።

ሦስተኛ፣ ሸክላው። ላይ ላዩን የሚታይ ቀጭን ስንጥቅ በማሟሸት ይኖራል። ስንጥቁ እስከ ቦዩ ከዘለቀ ግን ሊጡና ውኃው ሽቦው ላይ ይንጠባጠባል፤ እርጥብ እጅና የኤሌክትሪክ ሽቦ አይገናኙም። ያኔ ያለ ክርክር ሸክላው ይቀየር። ሸክላው ብቻ! ሣጥኑ ደህና ከሆነ ለምን ይጣላል? እኛ ቤት በኋላ ሸክላው ሲሰነጠቅ ያደረግነው ይህንኑ ነው። እናቴ ዳባት ገጠር ያደገች ናት፤ አዲሱን ሸክላ በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ሰምታ ነው የመረጠችው። «የተነቃ ሸክላ ድምፁ ይዘጋል ልጄ» አለቻት ባለቤቴን። ከዚያ ሁለቱ ተቀምጠው አሟሹት።

አራተኛ፣ ሣጥኑና ጀሶው። ጀሶው ከረገፈ ሙቀቱ ወደ ወለሉ ይሄዳል፣ ቆጣሪው ይሮጣል፣ እንጀራው አይበስልም። ጀሶ ይሞላል። ቆርቆሮው ዝጎ ከተበሳ፣ ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ፣ ወይም ሸክላውም ሽቦውም ሣጥኑም ባንድ ላይ ከሄዱ፣ እዚያ ላይ ማስጠገን ቁጠባ አይደለም። አዲስ ግዙ። ሲነዝር እየታየ «ለምጃለሁ» የምትሉ እህቶች ደግሞ እባካችሁ አትልመዱት። የመሬት ሽቦ ያለው ሶኬት አስገጥሙ።

እኔ በግሌ የምከተለው መለኪያ ቀላል ነው። ከአራቱ አንዱ ከተበላሸ ይጠገን። ሁለቱ ከተበላሹ ዋጋው ተሰልቶ ይወሰን፤ ከአዲሱ ዋጋ ግማሹን ካለፈ አያዋጣም። ሦስቱ ከተበላሹ ይቀየር፣ የተረፈው ክፍል ለሌላው መለዋወጫ ይሁን።

አሮጌውን ምጣድ አትጣሉት

አንድ ነገር ልጨምር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻና በ2014 መግቢያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደርሶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ደባርቅና ዳባት ከቤቱ በወጣ ሰው ተሞልተው ነበር። መብራት በሚጠፋበት ቀን ያን ሁሉ ሰው ያበላው የኤሌክትሪክ ምጣድ አልነበረም። እናቶች ከጓዳ ጥግ ያወጡት የሸክላ ምጣድ፣ ጉልቻና ጭራሮ ነበር። «ለምን አትጥሉትም፣ ቦታ ይዞ» ሲባል የኖረው ዕቃ በዚያ ሳምንት የሰው ነፍስ ያዘ።

ይህን ስል ወደ ጭስ እንመለስ ማለቴ አይደለም። ጭሱ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ በልቷል፣ ማገዶው የእህቶቻችንን ጀርባ አጉብጧል፣ ሴት ልጅን ከትምህርት ገበታ አስቀርቷል። እሳቱ መቀየሩ ትክክል ነው፤ መቀየሩም መቀጠል አለበት። የሰሜን ተራሮች ውኃ ወደ ተከዜ ይወርዳል፣ የተከዜ ግድብ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል ያመነጫል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከተራራችን የወረደ ውኃ መብራት ሆኖ ወደ ጓዳችን ሲመለስ አስታው ይተርፋል። መስመሩ ግን በምሽት የማይደክም እንዲሆን መጠየቅ መብታችን ነው፤ አለበለዚያ ሕዝቡ ደህና ምጣድ እየጣለ አዲስ ሲገዛ ይኖራል።

ታሪኩ የሚለን እንግዲህ ይህን ነው። ከአክሱም ዘመን ሰፈር እስከ ደባርቅ ኮንዶሚኒየም፣ ሸክላው ቆየ፣ እሳቱ ተቀያየረ። ማገዶ፣ ኩበት፣ ምርጥ ምድጃ፣ ናይክሮም። ብልህ ትውልድ የሚጎዳውን ይቀይራል፣ የሚያገለግለውን ይጠግናል፣ ሁለቱን አያምታታም። ይህን ለማድረግ ደግሞ ሸክላ የምታነሳ እናት፣ ቆርቆሮ የሚያጥፍ ወጣትና ሽቦ የሚያውቅ ልጅ በአካባቢያችን መኖር አለባቸው። አንድ ጊዜ የሙያ ባለቤቶችን በስድብ አርቀናል። ዛሬ ስድቡ ቢቀንስም በዋጋ ክርክር እያራቅናቸው ነው። ገበያ ላይ ሸክላ ይዛ ለተቀመጠች ሴት፣ ሌሊቱን ጭቃ ስታቦካና ስትተኩስ አድራ ለመጣች ሴት፣ አሥር ብር ለመቀነስ ግማሽ ሰዓት ከመከራከር ተገቢውን ዋጋ ከፍሎ መሄድ ቀጣዩን ምጣድ ማስጠገን ነው።

ከእናንተ አንድ ነገር ልጠይቅ። በደባርቅ፣ በዳባት፣ በወገራና በጃናሞራ ያላችሁ፣ በተለይ ታላላቆቻችን፣ በልጅነታችሁ ምጣድ ከየት መንደር ነበር የሚመጣው? አፈሩ ከየት ይቆፈር ነበር? እንዴት ይተኮስ ነበር? የምታስታውሱትን ጻፉልኝ፣ ለተማሪዎቼ በመዝገብ ላሰባስበው እፈልጋለሁ። እናት፣ አያት ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው። ሰምተው የማይጠግቡት ወግ ነው የምታወጡት።

ሰላም እደሩ፣ እንጀራችሁ ዓይን በዓይን ይሁን።